የጋሽ ዘርጋው እርሳስ

ቀበና አፋፍ ላይ፣ ከጓዳው ግድግዳ፣
ጋሽ ዘርጋው በእርሳስ የስንጥቁን ዕዳ
ይመዘግብ ነበር፦ «ነሐሴ፣ ገጠመ።
ጥር፣ ሳንቲም አሾለከ።» እንዲህ ሲል ከረመ።

በሩ በሐምሌ ወር አብጦ ሲነክስ፣
ሚያዝያ ላይ ከስቶ ድመት ሲያመላልስ፣
ከሥር ያለው ዋልካ ሲጠጣ ሲነቃ፣
ማንም አላየውም ጉልበቱ ሲያበቃ።

የዚያ ጎርፍ ሌሊት ንቅንቅ መች አለ?
የተናደው ኋላ፣ ካፊያ እየጣለ፣
ግንቦት ከሰዓት ላይ፣ ልጆች ኳስ ሲመቱ፣
አስፋልቱ ሳይረጥብ፣ ቆርቆሮው ሳይጮህ በቤቱ።

ፎርሙን የሚሞላው የወረዳው ሰው
«የትኛው ዝናብ ነው» ሲለው «ያፈረሰው?»
ጋሽ ዘርጋው ዝም አለ። ጓል አንስቶ አሸው፤
ዱቄት ሆነ።
«ፀሐዩንስ» አለው፣ «የት ላይ ልትጽፈው?»