የውኃው አማካይ

ከሐይቅ ከተማ በታች፣ ሸንበቆው ካለቀበት፣
ይማም ሙሄ ታንኳውን አስሮ ከሚያቆምበት፣
ሐሙስ ሐሙስ ጧት እወርዳለሁ፣ ቴርሞሜትር በኪሴ፣
ገመድ በትከሻዬ፣ ኮፍያ በራሴ።

ነጭና ጥቁር ሳህን አለኝ። ቀስ አድርጌ እሰድደዋለሁ፣ እያየሁት እስኪርቀኝ፣
ነጩ አረንጓዴ እስኪመስል፣ አረንጓዴው እስኪጠፋኝ።
«ጠፋ?» ይላል ይማም፣ መቅዘፊያውን አንሥቶ።
«ጠፋ» እላለሁ። ቋጠሮ እቆጥራለሁ፣ ጣቴ በብርድ ተኮራምቶ።
አራት ሜትር ከሩብ። ይጻፍ።
ይማም ይሥቃል፦ «የጠፋን ነገር መለካት!
ይኼም ሥራ ሆኖ ደመወዝ አለው በእውነት?»

በሐምሌ ወንዙ ደፍርሶ፣ የተራራ ቆዳ ለብሶ ሲገባ፣
የማሽላ ሥር እየጎተተ፣ የሽንብራ ገለባ፣
ሳህኔ ክንድ ሳይወርድ ጠፋ።
በግንቦት ግን፣ ነፋስ ተኝቶ፣ የላዩ ውኃ ሲሞቅ፣
ስድስት ቋጠሮ አወረድሁ፤ ነጩ እንደ ጥርስ ሲሥቅ።

ውኃው ሁለት ቤት ነው፣ ፎቅና ምድር ቤት።
ፎቁ ላይ ብርሃን አለ፣ ትንፋሽ አለ፣ ቆሮሶ አለበት፤
ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ፣ የወደቀ ሁሉ የሚከማችበት፣
ቅጠሉ፣ የሞተው፣ ደለሉ፣ እስትንፋስ የሌለበት።
በመካከሉ በር የለም፤ ዘጋው ሙቀቱ ራሱ፤
ብርድ ብቻ ነው ቁልፉ፣ አብረው ሲመጡ እሱና ነፋሱ።

ይማም ደግሞ ድንጋይ አለው፣ ግማሹን ውኃ የቀበረው፣
አባቱ በማጭድ ጫፍ በየዓመቱ የጫረው።
«እዚህ ጋ» ይላል፣ «እኔ ስወለድ፤
እዚህ ጋ፣ እኅቴን ስንድር፣ ውኃው አልፎ ወደ መንገድ።»
ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ ነከረ፣ ዳስሶ አገኘ አንድ ጭረት፤
«ሰባ ሰባት።»
ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጠየቅሁት።

ኅዳር ገባ። ለስብሰባ ደሴ ወጣሁ አንድ ሳምንት፤
ጦሳ ላይ አመዳይ ወርዶ፣ አዳራሹ ብርድ የነገሠበት።
በስላይድ አሳየሁ የዓመቱን አማካይ ሙቀት።
«የተረጋጋ ነው» አልሁ። አጨበጨቡ፤ ሻይ መጣ፣ ብስኩት።

በዚያው ሌሊት
ከአምባሰል በኩል ነፋስ ወርዶ ሐይቁን እንደ ፍራሽ ገለበጠው፤
ምድር ቤቱ ፎቅ ወጣ፤ ትንፋሽ ያጣው ትንፋሽ ያለውን ዋጠው።

ስመለስ ዳሩ ነጭ ነበር። ከሩቅ አረፋ መስሎኝ፣
ቀርቤ ሆዳቸውን አየሁ፤ ሽታው ግን ቀድሞ ነገረኝ።
ቆሮሶ በመቶ፣ በሺህ፣ ጥፍር የምታክል ጫጩት።
አምባዛው ብቻ ተረፈ፤ ብቅ ብሎ መጎንጨት ያውቃል፣ አየርን እንደ ወተት።
ዘምዘም ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ቆማለች ከመንገዱ ዳር፦
«መርዝ ነው ይላሉ፣ እርግማን ነው ይላሉ፤ አንቺ ምን ትያለሽ፣ ምሁር?»

ደብተሬን ገለጥሁ። የሐሙስ ሣጥን ባዶ ናት።
ከፊቷ ቁጥር አለ፤
እነርሱ የሞቱባት ሌሊት ግን አልተጻፈችባት።

«እኔ ማክሰኞ አውቄዋለሁ» አለ ይማም፣ መረቡን እያራገፈ።
«ውኃው የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ፤ ሻላው ሳይወርድ አለፈ።
ሌሊቱን ኮከቡ ጠርቶ እንደ መርፌ ወጋ፤
ደወልሁልሽ፤ ዝግ ነው አለኝ፤ ደግሜ ሞከርሁ፣ ነጋ።»

ማታ ቁጭ ብዬ ደመርሁ፣ አካፈልሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው፣ አልተናወጠም፤
አንዲት ሌሊት ከሦስት መቶ ስድሳ አምስት ምንም አትመዝንም።
ዓሣ ግን በአማካይ አይኖርም።
ዓሣ የሚኖረው በዚች ሰዓት ነው፣ በዚች አንድ ጉንጭ ውኃ፤
አማካይ ለእርሱ ምኑ ነው? የአምናው ዝናብ ለበረሃ።

ባዶዋን ሣጥን በእርሳስ ሞላኋት፣ ቁጥር አጥቼ በቃል፦
ሽታ። ሻላ አልወረደም። ኮከብ በጣም ጠርቷል።
ምንጭ፦ ይማም ሙሄ።
አለቃዬ ሲያያት ምናልባት ይሠርዛታል።

«አብሽሪ» አለኝ ይማም፣ ሐሙስ ስመጣ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው።
ታንኳውን ፈታ። ሳህኔን ሰደድሁት፤ ውኃው ገና ድፍርስ ነው።
አንድ ቋጠሮ። ሁለት።
«ጠፋ?» አለ።
«ቆይ» አልሁት።