በጣቶች መካከል

ባንቺአየሁ የምትሠራው ሌሊት ነው፤ ዊኒፔግ፣ ከሳርጀንት ማዶ፣ በአረጋውያን ቤት፣
የሰው አባት አጥባ፣ የሰው እናት ደግፋ፣ ስትገባ ይሆናል ንጋት።
የራሷን አባት ግን፣ የጋሽ ሲራክን እግር፣
ለእኔ ትታው ሄደች፣ ለአማቹ፣ ለማፍር።

አማች የሚስቱን አባት ጥፍር ሲቆርጥ
ማን አይቶ ያውቃል? እሳቸውም አፈሩ፤ ጀመሩ መቁነጥነጥ።
«ተወው ልጄ፣ ነገ» አሉኝ፣ እግራቸውን ሰብስበው ከወንበሩ ሥር፤
ነገም «ነገ» አሉኝ። እንዲህ አለፈ ኅዳር።

ታኅሣሥ ገባ። ነርሷ መጣች፣ ማሪቴስ፣ የፊሊፒንስ ልጅ፤
የቦቷን በረዶ አራግፋ ከደጅ
ተንበረከከች፤ ያዘችው ያን እግር፣ ያለ ይሉኝታ፤
ዓይናቸውን አስጨፍና በቀጭን የናይለን ክር ነካካችው፣ ቦታ በቦታ።
«ይሰማዎታል?» አለች። እኔ ተረጎምኩት።
«ይሰማኛል» አሉ፣ ክሩ ከተነሳ በኋላ። ይህን ግን አልተረጎምኩት።

«ስኳር ሌባ ነው» ብላኛለች ሚስቴ፣ «ቀድሞ የሚሰርቀው ሕመም፤
ሕመም የሌለው እግር ውሻ እንደሌለው ቤት ነው፤ ማን እንደገባ አይሰማም።»

ማሪቴስ ቀጠለች፤ ውሃው ለብ ይበል፣ በክርን ይለካ፤
ጥፍሩ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፣ ጥጉ አይነካ፤
ቅባቱ ለተረከዝ ነው፤ በጣትና በጣት መካከል ግን ይድረቅ፣
እርጥበት ፈንገስ ያበቅላል፣ ቆዳው እስኪሰነጠቅ።
«እርጥብ እግር መጥፎ ነው» ብዬ ተረጎምኩ፣ ቃሉን ሳልመዝነው።
ጋሽ ሲራክ ቀና አሉ። «ምን አልክ? መጥፎ ነው?
እኔ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ፣ መርጫው በጀርባዬ፣
ፓዌ ስገባ፣ ጋምቤላ ስገባ፣ ዝናብ ነበር ከኋላዬ።
እግርህ እርጥብ ነው ብሎ ነበር የሚቀበለኝ አገሬው፤
ዛሬ እግርህ ይድረቅ ተባልኩ። እርግማን ነው፤ በል ንገራት፣ ተርጉመው።»
ነገርኳት። ሳቀች። «እኛ መንደር ጎርፍ ነው፤ የቸገረን ደረቅ እግር እንግዳ ነው» አለች፤
ፎጣውን አጣጥፋ ጭናቸው ላይ አኑራ ሄደች።

በማግስቱ ማታ፣ ውጭው ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፣
መስተዋት ወለሉ ላይ አጋድሜ፣ እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች፣
አየሁ፤ ከግራው ተረከዝ ዳር ቀይ ነገር ተሰክቶ፤
ደም መሰለኝ። የልጄ የሶስና መጫወቻ ነው፣ ከጫማቸው ገብቶ፤
አንዲት የፕላስቲክ ጡብ፣ ከሽምብራ ብዙም ያልበለጠች፣
ቆዳውን በአራት ማዕዘን ማኅተም አትማ፣ እዚያው ተቀምጣለች።
ያን ቀን በገበያ አዳራሹ ሦስት ዙር ሄደዋል፣ ለስፖርት፣
ይህችን ተሸክመው፣ አንዴም ሳያነክሱ፣ ሳያውቋት።

በመዳፌ አሳየኋቸው። ዝም አሉ።
ቦታውን ነኩት፣ ከዚያ ጡቧን፣ ደግሞ ቦታውን፤ «ኧረ ባክህ» አሉ።
ሌላ ምንም። ማሞቂያው ብቻ ሲንሾካሾክ፣ ከግድግዳው ጥግ።
ያን ማታ ዘረጉልኝ፣ ሳልለምን፣ ያለ ወግ።
በክርኔ ለካሁ። አጠብኩ። ሳሙናውን አጠራሁ፤
በፎጣው ጫፍ፣ ከአውራው እስከ ትንሿ ጣት፣ አራቱን ሸለቆ አደረቅሁ።

«ጫማህን አውልቅ» አሉኝ በድንገት፣ ሳፋውን ይዤ ልነሳ ስል።
«ይቅርብዎ» አልኩ። አሥር ሰዓት በመጋዘን፣ ብረት አፉ ቦት ውስጥ የዋለ እግር ምኑ ይታያል?
«አውልቅ» አሉ። አወለቅሁ። ሽታው ቤቱን ሞላ፤ ምንም አላሉም፣
መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ትንሿን ጣቴን ገለጡ፤ ነጭ ሆና ተልጣለች። «አያሳክክህም?»
«ያሳክከኛል።» «ከመቼ?» «ከመስከረም።»
«አንተ ልጅ» አሉ፣ «መተርጎም ታውቃለህ እንጂ መስማት አታውቅም።»

«ያንተን ፎጣ አምጣ፣ የኔን አይደለም፤ ማሪቴስ ከልክላለች» አሉና
ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ፣ በዝግታ፣ በጥሞና።

ባንቺአየሁ ንጋት ላይ ገባች፤ ሁለት ፎጣ ተሰቅሎ አየች፣ ከማሞቂያው አጠገብ።
«ማን ታጠበ?» አለች።
ዝም አልን ሁለታችንም፣ ማን ይመልስ ብለን ስናስብ።