ክፍት ቦታውን ሙሉ

ሰኞ ጠዋት ሐዋሳ፣ ሐይቁ ጉም እንደለበሰ፣
አባ ኮዳው ከጣሪያችን አንገቱን እንደመለሰ፣
ሰንደቅ ወጣ፣ መዝሙር ወጣ፤ ከዚያ ጸሎት፣ ከዚያ ሰልፍ፣
ከዚያ እኔና ሦስተኛ «ለ»፣ ስድሳ ሁለት የማይደክም አፍ።

ግብረገብ ነው መጀመሪያው፤ ምዕራፍ ሦስት፣ «መከባበር»፤
ጠመኔዬ ከማጠሩ በጥፍሬ ልጽፍ ነበር።
«ሰው በእግዜር መልክ ተፈጥሯል» አልኩ በትልልቅ ፊደል፤
ሁለት ጊዜም አሰመርኩት፣ አንዱ መስመር ያንስ ይመስል።
እነሱም ገለበጡት፣
ምላሳቸውን ነክሰው፣
ደብተራቸው ላይ ጎብጠው።

በሩ ተንኳኳ። ቤታና ነው፣ የግቢያችን ጥበቃ፤
ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ጫማው የሌሊት ጭቃ፤
ያዘዝኩትን ጠመኔ በካርቶን አቅፎ መጥቷል።
«አንተ፣ ትምህርት ላይ እያለን? እዚያው ጣለው፤ ልጅ ይረበሻል።
በሩን ዝጋው!»
ዘጋው።
እኔም ወደ መከባበሬ ተመለስኩ።

«ቲቸር!» አለች ኬብሮን፣ ጣቷን እያንቋቋች።
እናቷ አሞራ ገደል ዓሣ ትበልታለች፤
ልጅቷ ደግሞ ነገር።
«ቲቸር፣ ጋሽ ቤታና ከርስዎ አይበልጡም እንዴ በዕድሜ?»
«ይበልጣሉ» አልኩ፣ ጀርባዬን ለሰሌዳው ሰጥቼ ቆሜ።
«ታዲያ ‹አንተ› አሏቸው’ኮ።»

ሃያ ዓመት አስተምሬ መውጫ ቀዳዳ አላጣም፤
«እግዜርም ሲጠራ’ኮ» አልኩ «‹አንተ› ነው፤ አንቱ አይባልም።»
ክፍሉ ተነፈሰ። እኔም።

ኬብሮን ግን አልተቀመጠችም።
«እሱማ ቅርባችን ስለሆነ ነው ብለውናል፣ ያኔ፣
ስለ ጸሎት ሲያስተምሩን።» ዓይኗ አልተነቀለም ከኔ።
«ጋሽ ቤታናስ ቅርብዎ ናቸው?
ስንት ልጆች አሏቸው?»

ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት በቃሌ አውቃለሁ በተራ፣
የሐይቁን ጥልቀት በሜትር፣ ስንት እንደሚረዝም ታቦር ተራራ፤
ሰባት ዓመት በር የከፈተልኝ ሰው
ስንት ልጅ እንዳለው ግን —

ደወሉ አወጣኝ።
ደወሉንም የደወለው እሱ ነበር።
እሳቸው ነበሩ።

በእረፍት ወረድኩ ወደ በሩ። ከግራሩ ሥር ነው ወንበሩ፣
ፕላስቲክ፤ በሽቦ ታስሯል የተሰበረው አንድ እግሩ።
«እንደምን አደሩ?» አልኩ። ቃሉ ምላሴን ከበደኝ፤
አዲስ ጥርስ እንዳስተከለ ሰው አፌ ውስጥ አስቸገረኝ።
ሳቁ። «ምነው መምህር? ሹመት መጣልኝ እንዴ ዛሬ?»
«ልጆችዎን ልጠይቅ ብዬ…» አልኩ አንገቴን አቀርቅሬ።

«አራት ናቸው። ሁለቱ ይርጋለም፤ ሴቷ አግብታለች ወንዶ፤
ትንሹን እርስዎ ያውቁታል፤ ዲላ ነው፣ ኮሌጅ ወርዶ።
ምህረቱ! ያ ግራኙ ልጅ፣
እርስዎ ጋ የተማረው፣
ከመስኮቱ ሥር የነበረው።»

«አዎን፣ አዎን» አልኩ። ዋሸሁ።
መስኮቱን ብቻ ነው ያስታወስኩት።

ወር አለፈ፤ ፈተና ደረሰ።
«ክፍት ቦታውን ሙሉ።» አምስተኛዋን ጥያቄ እኔ ነኝ የጨመርኩት፦
«የግቢያችን ጥበቃ ስም ———— ነው።»

ማታ መብራት ሄዶ፣ በሞባይሌ ብርሃን አርማለሁ።
ብዙዎቹ «አቶ ቤታና»፤ ሦስት አራቱ «ጋሼ» ብቻ፤
ኬብሮን እስከ አያታቸው ወርዳለች፣ ቦታው ጠቧት፣
ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥታ።
አንዱ ግን፣ ኢዮስያስ፣ ከኋላ ወንበር፣ ዝምተኛው፣
በተጠነቀቀ ፊደል፣ መስመሩን አንዴም ሳይለቅ፣
«አንተ» ብሎ ሞልቶታል።

ቀይ እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቀረ።
ስህተት ነው ልበል? ልጁ የሰማውን ነው የጻፈ፤
እኔው ነኝ ያስጠናሁት፣ በሩ ላይ፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት፣
ሁለቴ ባሰመርኩበት ዓረፍተ ነገር ፊት።

የስድሳ አንዱን ውጤት አስረክቤያለሁ።
የኢዮስያስ ወረቀት ከደረት ኪሴ አልወጣም፤
በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።
ቁጥር አምስት ፊት ለፊት
እስከ ዛሬ ምንም አልጻፍኩም።
ክፍት ነው ቦታው።