ይውረድ ስንል

ሰባት ወር ሙሉ ጮኸናል፤ ጉሮሯችን ሻክሮ፣
እሁድ በመጣ ቁጥር፣ ከሰሜን ጥግ፣ በከበሮ፤
አንድ ለባዶ ስንረታ — ይውረድ!
ሦስት ለባዶ ስንረታ — ይውረድ!
አቻ ስንወጣ እንኳ፣ ከልማድ ብቻ — ይውረድ!

እኔማ ባጃጄ ላይ፣ ከኋላ መስታወት፣
ነጭ ፕላስተር በመቀስ ቆርጬ፣ አንድ ሙሉ ሌሊት
ቁጭ ብዬ ለጥፌያለሁ፦ «ይርዳው ይውረድ»።
«ረ»ዋ ትንሽ ብትንጋደድም፣ ይነበባል ከሩቅ መንገድ።
የተሳፈረው ያነባል፣ ያልተሳፈረው ይስቃል፣
ትራፊኩ እንኳ ሊከሰኝ መጥቶ፣ አንብቦ «እለፍ» ይለኛል።

ጥፋቱ ምንድን ነው?
ካያሞን ወንበር ላይ አሻገተው!
አሞራ ገደል መረብ ሲጎትት ያደገውን፣
ኳስን በግራ እግሩ፣ ዘይት ላይ እንዳለ ቆሮሶ የሚያገላብጠውን።
ስንሸነፍ «ሂደት ላይ ነን» አለ፤ ስንሸነፍ ያንኑ ደገመ፤
«ሂደት» የሚባለው ቃል ሐይቅ ዳር ስድብ ሆኖ ከረመ፤
«ዓሣህ ሸተተ» ሲሉት ነጋዴው፣ «ሂደት ላይ ነው» እያለ አላገጠ፤
እሱ ግን በዚያ ሐሩር፣ ሰማያዊ ጃኬቱን እስካንገቱ ዘግቶ ተቀመጠ።
አንድ ቀን እጁን አንስቶ ሰላም ብሎን አያውቅም።
ይሄ ብቻውን ይበቃል። አይበቃም?

ማክሰኞ ከሰዓት በሬዲዮ፦ «በስምምነት ተለያዩ።»
በስምምነት! እኛ ስድስት ሺህ ሆነን በጉሮሮ ነው የነቀልነው።
ፒያሳ በጡሩምባ ታወከ፤ አደባባዩን አሥር ጊዜ ዞርነው።
ዱቤ የማታውቀው አስናቁ የዓሣ ሾርባ በነጻ ቀዳች፤
ጨው በዝቶበት ነበር፤ ማን ደፍሮ ይንገራት፣ እየሳቀች።
አንዱ የመብራት ምሰሶ አቅፎ፣ «ዋንጫው የእኛ ነው» ብሎ አለቀሰ፤
ከአሥራ ስድስት ክለብ አሥራ አራተኛ ነን። ማን አስታወሰ?

ረቡዕ፣ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል። ጭጋጉ ከሐይቁ አልተነሣ።
አቶቴ መታጠፊያው ላይ አንድ ሰው እጁን አነሣ።
አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፌስታል፤
በፌስታሉ ውስጥ ብርቱካናማ የልምምድ ኮን ይታያል።
«መናኸሪያ ስንት ነው?»
ድምፁን ከጃኬቱ በፊት አወቅሁት።
ከሜዳ ማዶ ስሰድበው ግዙፍ ነበር፤
ብቻውን ሲቆም ከትከሻዬ አይዘልም።

በመስታወቴ አየዋለሁ። አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣
ከውስጥ ግልብጥ የሚታየውን ጽሑፍ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ፣
አንድ በአንድ ለቀመው።
«አንተ ነህ የጻፍከው?»
«ኧረ... ያከራየኝ ሰውዬ ነው።»
(ባጃጇ የራሴ ናት። ዕዳዋን የጨረስኩት ጥር ላይ ነው።)
«‹ረ›ዋ ተጋድላለች» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ስታዲየሙን ስናልፍ ጫማውን ያይ ነበር።
አላስቻለኝም። «ካያሞን ለምን...?» ብዬ ጀመርኩ።
ዝም። ጎማዬ ጉድጓድ ገባ፤ ወጣ።
«ሂደት ላይ ነበርን» አለኝ፤ ይስቅ ይሁን አላውቅም።
በሩ ጋ ስንደርስ፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ፣
«ወራጅ አለ።»
ከፈለኝ። መልሱን ጠበቀ። ቆጠረ።
አንድ ብር ጎድሎ ነበር፤ እሷንም ተቀበለኝ።

እሁድ አዲሱ አሰልጣኝ እጁን እያውለበለበ ገባ፤ ጨበጨብን።
ካያሞ ተሰለፈ። ስታዲየሙ ሊፈርስ ደረሰ።
በሃያኛው ደቂቃ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጉልበቱን ይዞ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።
በቃሬዛ አልወጣም፤ እያነከሰ፣ ሐኪሙን ተደግፎ፣
እኛን ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ።
ሁለት ለባዶ ተረታን።
መጀመሪያ ጸጥታ። ከዚያ ከላይ፣ ድምፁ ገና ያልጎረነነ አንድ ልጅ፦
«ይውረድ!»
ከበሮው እጄን ፈለገ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ማታ በጥፍሬ «ይርዳው»ን ላጥኩ፤
«ይውረድ»ን ስጀምር መሸብኝ፤ እንዳለ ተውኩት።
አሥራ አምስተኛ ነን አሁን፤ ሁለት ክለብ ነው የሚወርደው።
ሰኞ ጧት ከኋላዬ አንዲት ሴት ዘንቢሏን እየሰበሰበች
«ወራጅ አለ» አለችኝ።
ፍሬን ያዝኩ።
«አውቃለሁ» አልኳት።