አሥራ ሰባት ወንበር

ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሞተር ሳሞቅ፣
ከፔኒሽ ወደብ ዳር፣ ጎሕ መቅደዱን ሳልጠብቅ፣
አሥራ ሰባት ሴቶች እየለቀምሁ ስሄድ
ወደ ሰርዲን ፋብሪካው፣ በዚያው ባንዱ መንገድ፣
ማን ወገቧን ይዛ ደረጃ ትወጣለች፣
ማን ከባሏ ጋራ ተኳርፋ አድራለች፣
ሁሉን በመስታወት እያየሁ አውቃለሁ፤
እኔ ለነሱ ግን አንድ ማጅራት ነበርሁ።

ዓርብ ዓርብ ዙልሚራ በመኻል ትዞራለች፣
በባዶ ሰርዲን ጣሳ ዩሮ ትለቅማለች።
«አቢሊዮ፣ ሁለት ጣል!» ዘወትር ትላለች።
«ዕድል» እላታለሁ፣ «ዓሣ አይደለችም፣
ጣሳ ስለያዝሽ ዘላ አትገባም።»
ስቃ ታልፈኛለች።

«ቢደርሰንስ?» ሲሉ ድልድዩ ያልቃል፤
አንዷ ልትተኛ ነው፣ እስኪሰለቻት ድረስ እንቅልፍ ያምራታል፤
ኦቲሊያ አለቃውን የምትለው ስድብ በጽሑፍ ተዘጋጅቷል።
ዴዮሊንዳ ብቻ መስኮቱን በመዳፏ ትጠርጋለች፤
ስትጠየቅ፣ «እንጃ» ትላለች።

ያን ዓርብ ሌሊት ግን ርችት ተተኮሰ፤
ከመጠጥ ቤቱ በር ጩኸት ገነፈለ፣ ባሕሩ ዳር ደረሰ፤
«ደረሰን! ደረሰን!» የኛም ቤት ደረሰ፣
ከደጃፋችን ግን ገባ ሳይል ተመለሰ።
ባለቤቴ ዞራ፣ «ሁለት ዩሮ» አለችኝ፤
ሌላ ቃል አልጨመረች፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሰኞ፣ አሥር ተኩል። ማንም አልቀሰቀሰኝ፣
«ዛሬ ማንን ልታደርስ?» ብሎ የጠየቀኝ
የለም፤ እኔም አልጠየቅሁ፤ ቁልፉ ነው የወሰደኝ።
ለነሱ ደረሳቸው፤ እኔ ብቻ ደረስሁ፣
በየፌርማታው ቆሜ በሩን እየከፈትሁ፤
ነፋሱን አሳፈርሁ፣ ዝናቡን አሳፈርሁ።
ከኦቲሊያ መስኮት መብራት አይታይም።
ግራሲዬት ደጃፍ ጠርሙስ ወዳድቋል፣ ማንም አላነሣም።
የኢዳሊና ውሻ እስከ በሩ መጥቶ
ሽቅብ አየኝና ተመለሰ አዛግቶ።

ከመቃብሩ አጥር፣ ከመጨረሻው ፌርማታ፣
ዴዮሊንዳ ቆማለች ጃንጥላ ዘርግታ፤
ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣
ምሳዋን በፎጣ ቋጥራ አጥብቃ።
«ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት። «ለምን?» አለች ደርቃ።
«ሚሊየነር ነሽ እኮ!»
                              «እጄ ቀድሞኝ ነቃ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የዓሣ አንገት የቆረጠ
ገንዘብ መጣ ቢሉት መች አመሉን ለወጠ?»
«ቤትስ አትገዢም ወይ?»
                              «ቤትማ አለኝ፤ ጣራው ያፈሳል፣
እሱ ይጠገናል። የጎደለኝ ጥርስ አለ፣ እሱም ይተከላል።
ከዚያ የተረፈውን . . .» ዝም አለች ጥቂት፤
«ማክሰኞ ላስብበት።»

ፋብሪካው ጨለማ። ዘበኛው ብቻውን
በራፉ ላይ ቆሞ ይነፋል ጭሱን።
«መስመሩ ባንድ ሰው አይዞርም» አላት፤ «አለቃው ደውሏል፣
ሰው እስኪቀጥሩ ድረስ እንግዲህ ተዘግቷል።
የአውቶቡሱም ውል . . .» ብሎ እኔን አየኝ፤
አልጨረሰውም።
ሎተሪ ሳልቆርጥ፣ ሎተሪው ቆረጠኝ።

«ሥራዬን መች ተውሁት? ጥለውኝ ሄዱ እንጂ»
አለች፤ እጇን በኪሷ ከተተች፣ እንዳጠፋ ልጅ።
ሳቀች ወይ አለቀሰች፣ መስታወቱ አይለይም።
ከዚያ ከኋላ መጥታ፣ አድርጋው አታውቅም፣
ከጎኔ ተቀመጠች፤ አየችኝ አፍጥጣ፤
«ዓይንህ አረንጓዴ ነው?» አለችኝ ደንግጣ።
ሞተሩን አላጠፋሁ። ባሕሩን አየነው።
ፎጣውን ፈታችና ዳቦውን ለሁለት ገመሰችው፤
ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነው።
ምሳችንን በላን።