ያለ ደላላ

ጉግሳ ደላላው ሦስት ጊዜ ደወለ፤
«ሁለት ከመቶ ስጠኝ፣ ገዢው ሞልቷል» አለ።
እምቢ አልኩ።
እኔው ነኝ የፈታኋት፣ እኔው የገጠምኳት፤
ነውሯንም ለገዢው እኔው ነኝ የምነግርላት።

እንድሪስ የማሾ ነጋዴው ከሸዋ ሮቢት መጣ፣
በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ክንዱን እስኪቀጣ
ሴሊካዬን ዞራት፤
ጎማዋን ረገጠ፣ ኮፈኖዋን መታ፣
ተንበርክኮ አጮለቀ ከሆዷ ሥር ላፍታ።

«ምን ምኗ ነው ያንተ፣ ምን ምኗ ነው የጃፓን?» አለኝ።
ነገርኩት። ምን ያስደብቀኛል፣ ደላላ የለኝ።

ሞተሯ ከሌላ ነው፤ ጉዶ በረት ከተገለበጠ ቶዮታ፣
ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ በሰንሰለት አውርጄ ሳስገባው ከቦታ።
ሞላዋን ቆርጫለሁ፣ ሁለት ጣት ያህል፤ ስለዚህ
ፍጥነት ማብረጃ ስታይ በሰያፍ ውጣ፣ አደራህ።
ቀለሟን አትመን፤ ፀሐይ ላይ አረንጓዴ፣ ጥላ ውስጥ ጥቁር፣
አንዱ ቆርቆሮ ሲያልቅ ሌላውን ያመጣሁት በብድር።
የቀኙ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ መስኮቱን አውርደህ እጅህን ስደድ።
ጠዋት ጠዋት ሦስተኛ ማርሽ ላይ ታኮርፋለች፤ አባብላት፣ አትናደድ።

«ማርሚታውስ?»
ጉሮሮውን ያሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በብየዳ፤
ሁለቴ አስቀጣኝ፣ አንዴ አስከሰሰኝ፣ ሆነብኝ የሰፈር ዕዳ።
«ይጮሃል» አልኩት።
ይኸው ነው ያልኩት።

ያላልኩት፦
አባቴ ሽብሩ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት
ከሽመና ማሽን ሥር ቆሞ ጆሮውን የገበረ ለዚያ ቤት፣
ሰላምታ አይሰማም፣ ነጎድጓድ አይሰማም፤
የኔ ሴሊካ ግን ከጠባሴ መታጠፊያ ጀምራ አታመልጠውም።
በግድግዳው ይሁን በእግሩ፣ እንጃ፤ ብቻ ይነሳል፣
ካፖርቱን ደርቦ፣ የግቢውን በር ከፍቶ፣ ቆሞ ይጠብቀኛል።
ሌላ ወሬ የለንም። እሱ አይሰማ፣ እኔ መጮኽ አልወድ፤
ደላላችን እሷ ነበረች፣ ስትመጣ ስትሄድ።

ልንሞክራት ወጣን።
ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ጉም ተኝቷል፤
«ሁለተኛ አርግና ልቀቃት» አልኩት፤ «መብራት ይበቃል።»
ለቀቃት።
ተራራው በሆዱ አጓርቶ መለሰልን፣
እንድሪስ ሳቀ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታየን፤
ያኔ አወቅኩ፣ ሄደችብን።

«ለምን ትሸጣታለህ?» 
«ቶርኖ ልገዛ። የሰው ቶርኖ ስለምን ስለምን መሸብኝ።»
ዘጠኝ መቶ ሺህ አልኩ፣ ስምንት አለ፤
በስምንት ተኩል እጃችን ተመታ።
ሊብሬውን ሰጠሁት፣ ሁለቱን ቁልፍ፣ ክሪኩን፤
«ቦሎዋ እስከ ሰኔ ነው» አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

በእግሬ ገባሁ። በሩን ራሴ ከፈትኩት።
አባቴ ቀና ብሎ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አየ፤
ምንም አላለኝ።

ራት ላይ ነበርን፤
እንድሪስ ነዳጁን ሞልቶ ወደ አገሩ ሲወርድ
ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ።
አባቴ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ፣
እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እያየኝ፣
ተነሳ፣ ካፖርቱን ለበሰ፣
ወጣ፤ የግቢው ማጠፊያ ሲንሲያጥ ተሰማኝ።

ድምፁ ራቀ፣ ቀጠነ፣ ሞተ።
ብርዱ ገባ። እሱ አልገባም።

በጓሮ በር ወጣሁ፤
የጎረቤት አጥር ዘልዬ፣ መንገዱን ዞሬ፣
በከፈተው በር
በእግሬ ገባሁለት።