እርሳስ

አባቴ ቱፋ እርሳስ ጆሮው ላይ ይሰካል፣
ያመት ድካሙን በዚያች ጉማጅ ይለካል፤
ሃያ እስር ቆስጣ፣ አስራ ሁለት ጎመን፣
ካርቶን ላይ ይጽፋል ሹፌሩን በማመን።

መሬታችን ከአቃቂ ዳር፣ ከፋብሪካው በታች፣
የሰጧትን ሁሉ ሳትጠይቅ የጠጣች።
ወንዙ ሰኞ ሰማያዊ፣ ማክሰኞ ቡናማ፣
ዓርብ አረፋ ለብሶ ነጭ እንደ ሸማ፤
እሁድ ብቻ ይጠራል፤ ማሽኖቹ ሲያርፉ
ድንጋዮቹ ይታያሉ፣ ጠቁረው፣ እንደከፉ።

የዲንቄ ላም ጠጥታ ሁለቴ አስወረደች፤
«ዓይን ነው» ተባለ። ዲንቄ አጥር አጠረች፣
በመንገዱ በኩል። ወንዙን ክፍት ተወች።

እኔ?
ዩኒፎርሜ ቆስጣ፣ ደብተሬ ሰላጣ፣
የምረቃ ጋወኔ ከቀይ ሥር የመጣ፤
ምሳ ዕቃዬም ቢሆን ሲከፈት ያው ቆስጣ።

ባለፈው ወር መጣሁ፣ ጓንት አጥልቄ፣
አፈራችንን ዘገንኩ፣ እንደ ሌባ ተሳቅቄ፤
«ናሙና ሰባት» ብዬ በላስቲክ አንቄ።
አባቴ ሳቀብኝ፦
«ለገዛ አፈርሽ ጓንት! ይሄ ደግሞ ጉድ ነው!
ጥርስሽን እኮ እዚሁ ነው ጭቃ እየላስሽ ያወጣሽው።»

ትናንት ውጤቱ ወጣ፤ አንድ ገጽ፣ አንድ ማኅተም፣
ካድሚየም፣ ክሮሚየም...
በአባቴ አፍ ስም የላቸውም።
አንዱን ግን ያውቀዋል።
እርሳስ።

እጁ ወደ ጆሮው ሳያስበው ሄደ፣
ጉማጇን ዳሰሰ፤ ተመልሶ ወረደ።
«እኔ አልዘራሁትም፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣
ዳኛ ፊት እንዳለ ሁለት እጁን ጥሎ።

አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ተሳስቼ ሳለቅስ፣
«አይዞሽ» ይለኝ ነበር፣ «ይጠፋል በላጲስ፤
ለዚህ እኮ ነው ልጄ የሚጻፈው በእርሳስ።»

«ይታጠብ፣» አለ ደግሞ፣ «በኮምጣጤ፣ በጨው።»
ከውስጥ ነው፣ ከሥሩ፤ እንዴት ብዬ ልንገረው
ላጲስ እንደሌለው?

ሌሊት አስር ሰዓት። የአይሱዙ ጥሩንባ።
«ቱፋ! ስንት እስር ነው?» አለ ሹፌሩ ግቢ ሳይገባ።
ቆስጣው በራፍ ላይ ጤዛ እንዳዘለ፣
እንዴት ያምራል! ምንም እንዳልተባለ።
አባቴ ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣
እርሳሱን አወረደ ከሽበታሙ ጆሮ፤
ጫፏን ምላሱ ላይ አርሶ፣ ከካርቶኑ አፋፍ፣
«ሌንሴ፣» አለኝ፣ «አንቺ ነሽ የተማርሽው፤ ንገሪኝ፤
ስንት ብዬ ልጻፍ?»